በልምምድ ላይ የወደቁትን ስለ ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን በጆርጂያ ጎዳና ወደ ዋሽንግተን ስንወርድ ከመንገዱ ዳር አንዲት ትንሽ የወታደሮች መካነ መቃብር አለች። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1864 የሰሜኑ ጦር ዋና ከተማይቱን ሲከላከል በፎርት ስቲቨንስ ውጊያ ከወደቁት 40 ያህሉ በዚያች ዐርፈዋል። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በአሌክሳንድሪያ ብሔራዊ መካነ መቃብር ውስጥ ደግሞ ለአራት ሰዎች የቆመ የመታሰቢያ ድንጋይ ይገኛል። አራቱ በሠራዊቱ የስንቅና የትጥቅ ክፍል ያገለግሉ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1865 የፕሬዚዳንት ሊንከንን ገዳይ በማሳደድ ላይ ሳሉ፣ የነበሩባት ጀልባ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በፖቶማክ ሰጥመው ሞቱ። የፊተኞቹን የጠላት ጥይት ጣላቸው፤ የኋለኞቹን ግን ማንም አልተኰሰባቸውም። አገሪቱ ለእነዚያም ለእነዚህም መሬት ሰጥታለች፤ የእነዚያንም የእነዚህንም ስም በድንጋይ ጽፋለች።

በየዓመቱ፣ በዚህ አገር በሜይ ወር የመጨረሻው ሰኞ ከሚከበረው የወታደሮች መታሰቢያ ቀን በፊት፣ በአርሊንግተን መቃብሮች ሁሉ ላይ ትናንሽ ባንዲራዎች ይተከላሉ። ባንዲራውን የሚተክለው ወታደር በመቃብሩ ውስጥ ያለው ሰው በውጊያ ይሙት በልምምድ ሜዳ አይጠይቅም። እኛም ከዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ይህን እያየን ስናልፍ፣ ስለ ራሳችን ሙታን አንድ ጥያቄ ሊነሣብን ይገባል። ጦር ሜዳ ሳይደርስ፣ ለጦርነት ሲሰናዳ፣ በሥልጠና ሰፈር በደረሰ አደጋ የሞተ ወታደር በቤታችንና በቤተ ክርስቲያናችን እንዴት ይታሰባል?

ጥያቄው ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ከአጥቢያችን እናቶች አንዲቱ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈውን የልጃቸውን ስም ለጸሎት ሲያስጽፉ፣ «በጦርነት አይደለም የሞተው፤ ሥልጠና ላይ ነው» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸውን ሰምተናል። ጥፋት የሌለባትን እናት ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? የአገራችንን ልማድ የምናውቅ ሁላችን መልሱን እናውቀዋለን። በባህላችን የወታደር ክብር የሚለካው በጣለው ግዳይ ነው። ፉከራውም ቀረርቶውም የሚቆጥረው ያንኑ ነው። በለቅሶው ላይ አልቃሿ ሙሾ የምታወጣው ሟቹ የዋለበትን ጦር ሜዳ፣ የማረከውን መሣሪያ፣ የገጠመውን ጠላት እያነሣች ነው። ገና ተኵስ እየተማረ ሳለ በጓደኛው እጅ ባመለጠ ጥይት ለሞተው ልጅ፣ ከማሠልጠኛው ወደ ሰፈር ሲመለስ መኪና ለተገለበጠበት፣ ወንዝ መሻገር ሲለማመድ ውሃ ለወሰደው፣ አልቃሿ ምን ትበል? ቃል ያጥራታል። ቃል ባጠረበት ቦታ ደግሞ ኀፍረት ይገባል፤ ኀፍረትም በገባበት ቤት ስም መጥራት ይቀራል። እንዲህ እያለ ልጁ ሁለት ጊዜ ይሞታል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለምና፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1944 የቃል ኪዳኑ አገሮች ጦር ፈረንሳይን ከናዚ ጀርመን ለማላቀቅ በኖርማንዲ ጠረፍ ለመውረድ ይሰናዳ ነበር። አሜሪካውያን ከሚወርዱባቸው ስፍራዎች አንዱ «ዩታ» የሚል የምሥጢር ስም የተሰጠው የባሕር ዳርቻ ነው። እርሱን የሚመስል ቦታ በእንግሊዝ አገር ተፈልጎ በዴቨን አውራጃ ስላፕተን ሳንድስ የተባለው ዳርቻ ተገኘ። በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ 3000 ያህል ገበሬዎችና ባላገሮች እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ፣ ከገና በዓላቸው በፊት፣ ቤታቸውንና እርሻቸውን፣ የሚጸልዩባቸውን አብያተ ክርስቲያናትም ሳይቀር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ከዚያም በባዶው አገር ላይ ልምምዱ ተጀመረ። ለትልቁ ልምምድ የተሰጠው ስም «ታይገር»፣ በእኛ አነጋገር «ነብር» የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 28 ቀን 1944፣ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ወታደርና ታንክ የጫኑ ስምንት ትልልቅ መርከቦች በላይም ወሽመጥ ተሰልፈው ወደ ልምምዱ ስፍራ ይጓዙ ነበር። በፈረንሳይ ከምትገኘው ከሼርቡር ወደብ የወጡ ዘጠኝ ፈጣን የጀርመን የቶርፔዶ ጀልባዎች በጨለማ ደረሱባቸው። ሁለቱ መርከቦች ሰጠሙ፤ አንደኛው በደቂቃዎች ውስጥ ከባሕር በታች ሆነ። ሦስተኛው ክፉኛ ተመትቶ እንደምንም ወደብ ደረሰ። በዚያች ሌሊት 749 አሜሪካውያን ወታደሮችና መርከበኞች ሞቱ። በዩታ ዳርቻ በእውነተኛው ማረፊያ ቀን ከሞቱት ይልቅ ለዩታ ሲለማመዱ የሞቱት በዙ።

ጠላት ገደላቸው ብንል እውነት ነው፤ ግን እውነቱ በዚያ አያልቅም። መርከቦቹን እንዲያጅቡ ከታዘዙት ሁለት የጦር መርከቦች አንደኛው አስቀድሞ በግጭት ተጎድቶ ለጥገና በወደብ ቀርቶ ነበር፤ ምትኩም በጊዜው አልደረሰም። በትእዛዙ ወረቀት ላይ በተፈጠረ የጽሕፈት ስሕተት ምክንያት የአሜሪካውያኑ መርከቦች ራዲዮ በአንድ ሞገድ፣ የአጃቢውና የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ራዲዮ በሌላ ሞገድ ሆኖ ማስጠንቀቂያው አልተሰማም። ለወታደሮቹ የታደለው የመንሳፈፊያ ቀበቶ በብብት ሥር መታሰር ሲገባው፣ ትጥቃቸው ስለከለከላቸውና በሚገባም ስላልተማሩት፣ ብዙዎች በወገባቸው ታጠቁት። ባሕር ውስጥ በዘለሉ ጊዜ የትጥቁ ክብደት ገለበጣቸው፤ እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆነ። ሊያድናቸው የተሰጣቸው ነገር አሰጠማቸው። ሌሎቹም በሚያዝያ ባሕር ብርድ ደርቀው ሞቱ። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስንቱን ጠላት፣ ስንቱን የአንድ ጸሓፊ እጅ ስሕተት፣ ስንቱን አንድ ያልታየ ቀበቶ እንደገደለ ማን ይለያል?

ከዚያ በኋላ ዝምታ ታዘዘ። ማረፊያው ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተው ነበርና ምሥጢሩ እንዳይወጣ ተፈራ። የተረፉት ወታደሮችና ቁስለኞችን ያከሙት ሐኪሞች አንድ ቃል ቢናገሩ በጦር ፍርድ ቤት እንደሚጠየቁ ተነገራቸው። ለጊዜው ይህ ጥንቃቄ ምክንያት ነበረው፤ ማንም ይረዳዋል። የሟቾቹ ቍጥር ከማረፊያው በኋላ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ተነግሯል። ነገር ግን በፈረንሳይ የድል ወሬ ተሸፈነ፤ ብዙ ቤተ ሰቦችም ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ሳያውቁ ለብዙ ዓመታት ኖሩ። ለጥቂት ሳምንታት የታዘዘው ዝምታ 40 ዓመት ሆነ። ዝምታውን ከሰበሩት አንዱ ኬን ስሞል የተባለ በቶርክሮስ መንደር በባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ የነበረው እንግሊዛዊ ነው። ከባሕር በታች የቀረውን አንድ ታንክ እ.ኤ.አ. በ1974 ከአሜሪካ መንግሥት በ50 ዶላር ገዛው። ለ10 ዓመት ደክሞ በ1984 ከባሕር አወጣውና ለሟቾቹ መታሰቢያ አድርጎ በዳርቻው አቆመው። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ባለሥልጣናት ራሳቸው መጥተው በዚያው ስፍራ የመታሰቢያ ጽሑፍ አኖሩ። ሰውየው ለሟቾቹ ባዕድ ነበር፤ ዘመዳቸውም ጓዳቸውም አልነበረም። ያደረገው ነገር ግን በእኛ ቋንቋ ስሙ ተዝካር ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለክርስቲያኖች ሦስት ነገሮችን እናነሣለን።

አንደኛው፣ የአሟሟትን መንገድ አይተን በሟች ላይ መፍረድ እንደማይገባን ነው። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 እንደተጻፈው፣ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን ገድሎ ነበር። ጦርነትም ወረርሽኝም አልነበረም፤ ሰዎች የሠሩት ግንብ ሰዎች ላይ ወደቀ። ጌታችን ያን አደጋ ራሱ አንሥቶ፣ የሞቱት በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የባሰ በደል እንዳልነበረባቸው ለሰሚዎቹ ነገራቸው። ወዲያውም ፊታቸውን ከሟቾቹ ወደ ገዛ ነፍሳቸው መልሰው ንስሐ እንዲገቡ አሳሰባቸው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እናደርጋለን። «እርግማን ይኖርበታል»፣ «ዕድሉ አልሠመረለትም»፣ «ዓላማው ሳይደርስ ቀረ» እንላለን። ሌላውም ስሕተት ከዚህ አይሻልም፤ «እግዚአብሔር ለትምህርት ወሰዳቸው» ብሎ ማጽናናት። ከስላፕተን ሳንድስ በእርግጥ ትምህርት ተወስዷል። ራዲዮው በአንድ ሞገድ እንዲሠራ ተደረገ፤ ወታደሮቹ ቀበቶውን እንዴት እንደሚታጠቁ ተማሩ፤ ከባሕር የወደቁትን የሚያነሡ ትናንሽ ጀልባዎች ተዘጋጁ። በግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ወደ ኖርማንዲ ከተሻገሩት ብዙዎች በዚያ ትምህርት ተርፈው ይሆናል። ነገር ግን ፈጣሪ ለቀበቶ ትምህርት ብሎ 749 ነፍስ አሰጠመ አንልም። ሰው የሳተውን እግዚአብሔር አዘዘው ማለት የሰውን ጥፋት በፈጣሪ ላይ መጫን ነው።

ሁለተኛው፣ ሥራውን ሳይፈጽም በመሰናዶ ላይ ያለፈ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ሥራ እንደሌለው የማይቈጠር መሆኑ ነው። ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ በልቡ አሰበ። ወርቁንና ብሩን፣ ናሱንና ብረቱን፣ የዝግባውን እንጨት አከማቸ፤ ድንጋይ ጠራቢዎችንም አቆመ። ሠርቶ መፈጸም ግን ለልጁ ለሰሎሞን ሆነ። ዳዊት መቅደሱን በዓይኑ ሳያይ ዐረፈ። ቅዱሱ መጽሐፍ ግን ያ ማሰቡ መልካም ተብሎ እንደተቈጠረለት ይመሰክራል። ይህን ስንል ጦርነትን ከመቅደስ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ዳዊት ራሱ መቅደሱን እንዳይሠራ የተከለከለው ብዙ ደም በማፍሰሱ እንደነበር አንዘነጋም። የምንለው፣ ሰው የሚመዘነው በደረሰበት ቦታ ብቻ ሳይሆን በተነሣበት ልብም ነው። ከቤቱ ወጥቶ፣ እናቱን ስሞ፣ ራሱን ለታዘዘበት የሰጠ ወጣት ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ የሰጠው በዚያች ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ሞት በውጊያው መካከል ቢያገኘው ወይም በሥልጠናው ሜዳ ላይ ቢያገኘው የስጦታው መጠን አይለወጥም። ሁለት ሳንቲም የሰጠችው መበለት ከባለጠጎቹ ሁሉ አብልጣ እንደሰጠች የተቈጠረላት የሳንቲሞቹ ዋጋ ታይቶ አልነበረም።

ደግሞም ማስተዋል የሚገባን አለ። በግንባር የወደቀው ብዙ ጊዜ አጽናኝ አለው፤ ሰንደቅ ዓላማው አለው፤ ዘፈኑም አለው። በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ፣ ከእርሱም በኋላ የተተኩት ቃኘዎች፣ በዚያ ከ120 በላይ ወንድሞቻችንን ለሞት ሰጥተዋል። ስማቸው በኮርያም በአዲስ አበባም በክብር ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባዋል። ነገር ግን ቃኘውም ከመዝመቱ በፊት ወራት በልምምድ አሳልፏል። ያለ ልምምድ የሚቆም ሠራዊት የለም። በሆለታና በሐረር፣ በሁርሶና በብላቴ፣ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሚሊሺያ በሠለጠነበት በታጠቅ ጦር ሰፈር፣ ከየአውራጃው የተሰበሰቡ የገበሬ ልጆች መሣሪያ መያዝ የተማሩት በዚያ ነው። ከነዚያ ሜዳዎች ወደ ግንባር ሳይሆን ወደ አፈር የሄዱትን ማን ዘፈነላቸው? መርዶው እንኳ በሥርዐቱ ያልደረሰላቸው ቤቶች አሉ። በእኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ መርጦ፣ ጎረቤት ሰብስቦ የሚነገር ነገር ነው። ለብዙ እናቶች ግን የመጣው በጓደኛ አፍ የተቈራረጠ ወሬ ብቻ ነው፤ ወይም ደብዳቤ መቋረጡ ራሱ መርዶ ሆኖባቸዋል።

ሦስተኛው፣ ሙታንን ማሰብ የሕያዋንንም ነፍስ መጠበቅን የሚጨምር መሆኑ ነው። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግለት፣ አለዚያ የወደቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ እንዲሆን ታዟል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤት ስለ ሠራ፣ ነገር ግን መከታውን ስለ ዘነጋ ሰው ነው። ማንንም ሳይጠላ ማንንም ሊገድል የሚችል ሰው አለ ማለት ነው። በስላፕተን ሳንድስ የጐደለው ይህ መከታ ነበር። እስከ ዛሬም ይጐድላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 30 ቀን 2020 በካሊፎርኒያ ጠረፍ አንድ በባሕርም በየብስም የሚሄድ የጦር ተሽከርካሪ በልምምድ ላይ ሰጥሞ ስምንት ማሪኖችና አንድ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሞቱ። ሠራዊቱ ራሱ ያካሄደው ምርመራ አደጋው ሊቀር ይችል እንደነበረ፣ ተሽከርካሪው በሚገባ እንዳልተጠገነ፣ ወታደሮቹም ከሚሰጥም ተሽከርካሪ መውጫውን በሚገባ እንዳልተለማመዱ አረጋገጠ። ከስላፕተን 76 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚያም ይልቅ የሚቀርበንን እናንሣ። በጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ የእመቤታችንን የአስተርእዮ በዓል ባከበርንበት ዕለት፣ ለሥልጠና በረራ የወጣ የሠራዊቱ ሄሊኮፕተር በዚሁ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ወደ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ከቀረበ የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በሁለቱም ውስጥ የነበሩ 67 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚያ ሦስቱ ወታደሮች ነበሩ። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዋሽንግተን የምትመላለሱ ሁሉ ያን ውሃ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ጦርነት አልነበረም፤ ሞት ግን ልምምዱን ጦርነት አደረገው። ከአጥቢያችን ልጆችም የዚህን አገር የወታደር ልብስ የለበሱ አሉ። እናቶቻቸው ልጆቻቸው ወደ ጦር ሜዳ ካልተላኩ እፎይ ይላሉ፤ ደስታቸውም ተገቢ ነው። ጸሎታችን ግን በልምምድ ላይ ያሉትንም፣ የሚያሠለጥኗቸውንም፣ ተሽከርካሪውንና አውሮፕላኑን የሚጠግነውን ሰው እጅም እንዲጨምር ያስፈልጋል። ከመካከላችን መካኒክ የሆነ፣ ሾፌር የሆነ፣ ነርስ የሆነ፣ የሕንፃ ሠራተኛ የሆነ ብዙ ነው። በሥራው ላይ የሚያጠብቀው እያንዳንዱ ብሎን፣ ደግሞ የሚያነበው እያንዳንዱ የመድኀኒት ስም፣ በሰገነት ዙሪያ የሚቆም መከታ ነው። የሞቱትን የሚያስብ ሰው እንዲህ ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት እንመለስ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ለሞቱ ልጆቿ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛው፣ በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቁና በዓመቱ ትጸልያለች። በየቅዳሴውም ስላንቀላፉት ትለምናለች። አንድ ሰው የወታደር ወንድሙን ስም ይዞ ሲመጣ ካህኑ የሚጠይቀው «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ብሎ ነው። በግንባር ነው ወይስ በሰፈር፣ ስንት ጠላት ጣለ፣ ማዕርጉ ምን ነበር፣ በየትኛው መንግሥት ዘመን ዘመተ ብሎ አይጠይቅም። ወልደ ሚካኤል ተብሎ የተጠመቀው በዚያው ስም ይጠራል። ጀኔራሉና ተራው ወታደር፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሞተውና ከዚያ በኋላ የሞተው፣ በአንድ ዕጣን ይታሰባሉ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የማይደረግ ስለሆነ፣ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ ፍትሐት ይደረግ ዘንድ አባቶቻችን ሥርዐት ሠርተዋል። ማን እንደሚሞት ሳይታወቅ፣ እንዴት እንደሚሞት ሳይጠየቅ ይጸለያል። ሞት ሰዓትም ስፍራም እንደማይመርጥ ቤተ ክርስቲያን ቀድማ አውቃዋለችና።

በአሌክሳንድሪያው መካነ መቃብር ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1864 መጨረሻ በከተማይቱ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ከ400 የሚበልጡ ጥቁር ወታደሮች፣ የሞቱ ጓዶቻቸው ከወታደሮች መቃብር ተለይተው እንዳይቀበሩ አቤቱታ ጽፈው ፈረሙ። ጥያቄያቸው ተሰማ፤ ሌላ ስፍራ የተቀበሩት ወንድሞቻቸውም ወደ ወታደሮቹ መቃብር ተዛወሩ። ሕሙማንና ቁስለኞች ነበሩ። ለራሳቸው ደመወዝም ምግብም አልጠየቁም፤ የጠየቁት ሙታን በክብር እንዳይከፋፈሉ ነው። እኛ ጤነኞች ሆነን ለሙታናችን ከዚህ ያነሰ ብናደርግ ምን መልስ እንሰጣለን?

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። በሥልጠናም ሆነ በልምምድ፣ በመንገድ አደጋም ሆነ በሰፈር በሽታ የሞተ ወታደር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ስመ ክርስትናውን አምጥታችሁ አስጽፉ፤ ድምፃችሁንም ዝቅ አታድርጉ። የሞተበት ቀን የማይታወቅ ቢሆን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካክራችሁ የመታሰቢያ ቀን ያዙለት። ስመ ክርስትናውን የሚያውቅ ሰው ካልቀረ ያንኑ ለካህኑ ንገሩ፤ እግዚአብሔር በማየ ጥምቀት የተቀበለውን ልጁን አይስተውም። በየቤታችሁ ካለው ዳዊት ወይም መጽሐፍ ቅዱስ በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ስሙን፣ የተወለደበትን አገር፣ የሠለጠነበትን ሰፈር ጻፉ። ከሥሩም «በልምምድ ላይ ዐረፈ» ብላችሁ በግልጥ አኑሩ። በዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻችሁ አጎታቸውን እንዲያውቁት፣ ያልሆነ የጀግንነት ተረት ፈጥራችሁ አትንገሯቸው፤ ዝምም አትበሉ። እውነተኛው ታሪክ ይበቃዋል። ሪጽፋ የተባለችው እናት የልጆቿን አስከሬን ከመከር መጀመሪያ ዝናም እስኪዘንብ ድረስ ከአሞራና ከአራዊት ስትጠብቅ፣ አሟሟታቸው የክብር አልነበረም። እናት ግን እናት ናትና ማቅ አንጥፋ ተቀመጠች። ያደረገችውም ለዳዊት በተነገረው ጊዜ ንጉሡ ተነሥቶ የሞቱትን አጥንት ሰበሰበ፣ በአባቶቻቸውም መቃብር አስቀበረ። የአንዲት እናት ጽናት ንጉሥን አስነሣ። ድምፃቸውን ዝቅ ላደረጉት እናታችንም የምንለው ይኸው ነው፤ እማማ፣ ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩት፤ ጉባኤው ሁሉ «አሜን» ይልልዎታል።

በባሕርና በየብስ፣ በአየርና በተራራ፣ ለውጊያ ሲሰናዱ ሳይመለሱ የቀሩትን ሁሉ፣ ስማቸው የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም፣ የእኛን ወገንም የባዕዱንም፣ ቸሩ አምላካችን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእናቶቻቸው መጽናናትን፣ ለአዛዦች ጥንቃቄን፣ ለአገራችን ለኢትዮጵያ ልጆቿ መሣሪያ መማር የማያስፈልጋቸውን ሰላም ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።